አረንጓዴዋን ተጫኚ

ኩዌት ምን ስትሠራ ኖርክ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁለት መልስ አለኝ። ለቸኮለ ሰው ሻይ አፍይ ነበርኩ እላለሁ። ጊዜ ላለው ሰው ደግሞ፣ የኮምፒውተር ሳይት እንዴት እንደሚከፈት፣ የቱ እንደሚጫን የሚያስረዳ የአጠቃቀም መመሪያ ሲጻፍ፣ መመሪያው ይገባ አይገባ እንደሆነ የሚሞከርብኝ ሰው ነበርኩ እላለሁ። ሁለተኛውን ሰምቶ ያልሳቀ እስካሁን አላጋጠመኝም። ይሳቁ። እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ ስቄያለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጡረታ ማለት ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ሳይታደስ ሲቀር ነው። ሻንጣዬ ፋሐሂል በተከራየሁት ክፍል ጥግ ላይ ቆሟል። ይህን የምጽፈው እንዲያደንቁኝ አይደለም። አንድ ነገር በአፌ ተናግሬ መመለስ አቅቶኛል። በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አላየሁም። ሳነብ እስከዛሬ ጣቴን ከፊደሉ ስር አስቀምጬ ነው። ኩዌት የመጣሁት በሹፌርነት ነው፤ አሕመዲ ውስጥ ነዳጅ ኩባንያ የሚሠራ ሰው ቤተሰብ እነዳ ነበር። ሰውየው ደግ ነበሩ፣ ልጆቹም እዚያው እጄ ላይ አደጉ። አረብኛውንም የለመድኩት ከእነሱ ነው። ዓይኔ ሲደክም መሪውን ተውኩ፤ ሰውየው ለአንድ ወዳጃቸው ነግረው ከተማው መሐል ካለ ድርጅት አስገቡኝ። ፈራሽ አሉኝ። ሻይ የሚያፈላ፣ ወረቀት የሚያመላልስ፣ መብራት የሚያጠፋ ማለት ነው። ደመወዙ ከሹፌርነቱ ያንሳል፣ ግን ማቀዝቀዣው ጥሩ ነበር። ሌላ ምን ይባላል።

ድርጅቱ ሳይት ይሠራል። ሳይቱን የሚገዙት በአብዛኛው መክተቦች ናቸው፣ የቤት ሠራተኛ የሚያስመጡ ቢሮዎች። ሠራተኛዋ በስልኳ ትገባና ወረቀቴ የት ደረሰ፣ ቤት መቀየር እፈልጋለሁ፣ ወደ አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ ብላ ለመክተቡ ትልክበታለች። ሳይቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አረብኛና እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ለየአገሩ ሴት በየቋንቋዋ መመሪያ ይጻፍላታል። ይህን መመሪያ የሚጽፉት ኡስታዝ ኢድሪስ ነበሩ።

ኡስታዝ ኢድሪስ ሱዳናዊ ናቸው፤ ኡስታዝ እዚያ ለተማረ ሰው ማክበሪያ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንጂ ዓይናቸው ላይ ሲቀመጥ ያላየሁ። አንድ ቀን ሻያቸውን ሳስቀምጥ እጄን ያዝ አደረጉና የአማርኛ ፊደል ታነባለህ ወይ አሉኝ። ቀስ ብዬ አነባለሁ አልኳቸው።

«ቀስ ማለትህን ነው የምፈልገው» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

አስተርጓሚ የጻፈውን የአማርኛ መመሪያ እጄ ላይ አኑረው፣ የሚልህን ብቻ አድርግ አሉ። የመጀመሪያው መስመር «ግቢ የሚለውን ተጫኚ» ይላል። እኔ የኮምፒውተሩን ፊት በጣቴ ተጫንኩት። ምንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ደገምኩት። ከኋላችን የተቀመጡት መሐንዲሶች አፋቸውን ይዘው ሲንፈቀፈቁ ይሰማኛል። ኡስታዝ አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ስር አስገብተው ተቀምጠው ያዩኛል።

«ምን እየፈለግክ ነው?» አሉኝ።

«ይሄ ነገር ይከፈት ብዬ።»

«በምን እንደምትከፍተው አልነገርኩህም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና በቀይ እርሳስ ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ምልክት አደረጉበት።

ከዚያን ቀን ወዲያ የሻይ ሥራው ግማሽ ሆነ። አዲስ ሳይት በተሠራ ቁጥር ይጠሩኛል። ያዘዙልኝ ወንበር ነበረ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ። እኔ መመሪያውን ይዤ እታገላለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ስር ከተው ዝም ይላሉ። እጅ ከተፈታ ይጠቁማል፣ የጠቆሙት ሰው ደግሞ አንብቦ ሳይሆን አይቶ ነው የሚያገኘው ይሉ ነበር። ከአፋቸው የሚወጣው «ምን እየፈለግክ ነው?» ብቻ ነው። ጣቴ ቆም ካለ እርሳሱ ይሠራል። አንዳንዴ ከብስጭቴ የተነሳ ሰውዬ ንገሩኝ እንጂ፣ ደንቁሬ ልሙት ወይ እላቸዋለሁ። «ላንተ ብነግርህ ሳልዋ ሰፈር ላለችው ልጅ ማን ይነግራታል» ይሉኛል።

ለመመሪያ የነበራቸው ሕግ ጥቂት ነበር። ባንድ መስመር አንድ ሥራ። የምታነበው ሴት ቆማ ነው የምታነበው፤ ባንድ እጇ ሕፃን ይዛለች፣ ማዳም ከላይ ትጠራታለች፣ መስመር ከረዘመባት ይጠፋባታል። ሌላው፣ የሚጫነውን ቁልፍ ስትናገር ላዩ ላይ የተጻፈውን ተናገር እንጂ ቀለሙንና ቦታውን አትናገር። መሐንዲሶቹ ቀለም ይሰለቻቸዋል፣ ዛሬ አረንጓዴ ያደረጉትን ነገ ሰማያዊ ያደርጉታል፤ ታች የነበረውን ላይ ይወስዱታል። የተጻፈበት ቃል ግን እምብዛም አይነካም። አማርኛ ብቻ የምታነብ ሴት አረብኛውን እንዴት ታውቀዋለች ስላቸው፣ ከመመሪያው ፎቶ ጋር ታስተያይ፣ የፊደሉን መልክ ከመልኩ ጋር ታጋጥም አሉኝ። እኔ ይህ ሕግ አልጣመኝም። እኔ ራሴ በቀለም ነው የምሄደው። የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ ሳላነብ በቀለሙ ነበር የምሳፈረው። አልጣመኝም ብያቸዋለሁ፣ በፊት ለፊት።

ሁሉን አስቀድመን አወቅን ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ መመሪያው «የቤተሰብ ስም ጻፊ» ይል ነበር። እኔ ስሞክረው ሳልደናቀፍ አለፍኩት፤ ፎርም የሚሞሉልኝ ሰዎች እዚያ ቦታ የአያቴን ስም ሲያስገቡ ስላየሁ እሱኑ አስገባሁ። ሳይቱ ከወጣ በኋላ አንዲት ልጅ የአባቷን፣ የእናቷን፣ የወንድሞቿን፣ ያሳደገቻትን አክስት ስም ሁሉ ደርድራ ላከች። መክተቡ ይህ ምንድነው ብሎ ደወለ። ኡስታዝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና፣ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። «ቤተሰብሽን ጻፊ አልናት፣ ጻፈች» አሉ። እኛ ከአያት ስም ወዲያ እንደማንጠራ ነገርኳቸው። መስመሩ «የአያትሽን ስም ጻፊ» ተብሎ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ስሞክር የለመድኩትን እየረሳሁ እንድሞክር ለመኑኝ። የለመዱትን መርሳት ከማንበብ ይከብዳል።

የሥራው መከራ ግን ሌላ ነው። ሳይቱ ሲቀየር መመሪያው ይቀድማል ወይም እኩል ይሄዳል ማለት ሕልም ነው። መሐንዲሶቹ አንዲት ነገር ነካ ያደርጋሉ፤ እኛ ፎቶውን ሁሉ እንደገና ማንሳት፣ ቀይ ክብ ማድረግ፣ በየቋንቋው ማስጻፍ፣ መሞከር አለብን። ጨርሰን ቀና ስንል ደግሞ ቀይረውታል። ኡስታዝ አሮጌ መመሪያ መመሪያ ከማጣት ይብሳል ይሉ ነበር። የወጣውን ወረቀት ከየመክተቡ ለመሰብሰብ እኔን ይልኩኛል፤ አዲሱን ሰጥቼ አሮጌውን ቀድጄ ነው የምመለሰው። ካልቀደድኩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሴቶቹ ግን መመሪያውን አያነቡትም ነበር።

ይህን ያወቅኩት አርብ አርብ ነው፤ ኩዌት እረፍቱ አርብ ስለሆነ ቅዳሴውም ያን ቀን ነው። የእረፍት ቀን ያላቸው ከቅዳሴ በኋላ ውጭ ጥላ ስር ይሰበሰባሉ። እዚያ ድርጅት እንደምሠራ ሲሰማ ስልክ ይዘው ይመጡብኝ ጀመር። ጋሼ ይችን ይዩልኝ፣ ጋሼ ይሄ ምን ይላል። ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት ተረበኛ ነበረች፤ «ጋሼ፣ እርስዎን የቀጠሩት ለሻይ ነው ለኮምፒውተር? ሻዩም በሳይት ነው እንዴ የሚፈላው?» እያለች ሰው ታስቅብኛለች። መመሪያው እኮ አለ፣ በአማርኛ ተጽፏል እላቸዋለሁ። አዎ አለ ይላሉ፣ ስልካቸውን ግን አይመልሱትም። ሰው የነገራቸው እያለ ወረቀት የነገራቸውን ማን ያምናል። እኔም ብሆን አላምንም።

እረፍት የሌላት፣ አሕመዲ ከቤት የማትወጣ አንዲት ልጅ በጓደኛዋ በኩል ቤት ለመቀየር የቱን ልጫን ብላ አስጠየቀችኝ። በጓደኛዋ ስልክ በድምፅ ላክሁላት። እንዲህ ነው ያልኩት፦

«ሰላም ልጄ፣ በላቸው ነኝ። ሳይቱን ክፈቺ። የባጣቃሽን፣ የመታወቂያሽን ቁጥር አስገቢ። ከዚያ ሦስት ነገር ይመጣልሻል። ጽሑፉ አያስጨንቅሽ። ታች ያለችውን አረንጓዴዋን ተጫኚ። መልሶ ይጠይቅሻል፤ አትፍሪ፣ አሁንም አረንጓዴዋን። አለቀ።»

ልጅቷ ተሳካላት። ለሌላ ላከችው፣ ሌላዋም ለሌላ። በየግሩፑ ገባ። ፈጽሞ የማላውቃቸው ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲያገኙኝ «አትፍሪ» ብለው በእኔው ድምፅ ይቀልዱብኝ ጀመር። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ዕድሜ ልኬን ሰው እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም።

ወሬው ኡስታዝ ጆሮ ደረሰ። አሰማኝ አሉ፣ ወደ አረብኛ እየመለስኩ አሰማኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አጥፈው ያዙት። «አረንጓዴ አልክ» አሉ።

«አረብኛ አያነቡማ፣ ምን ልበላቸው?»

«ታች አልክ።»

«ታች ናታ!»

«ዛሬ ታች ናት። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ሲያረጅ አንተን ልኬ አስቀድደዋለሁ። ያንተን ድምፅ ከማን ስልክ ሄደህ ነው የምትቀደው?»

ሰውየው ሴቶቹ የኔን ሰምተው የሳቸውን ስላላነበቡ ቅር ብሏቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም በልቤ ቀኑብኝ አልኩ። ያን ሰሞን አገራቸው ተቃጥሎ ቤተሰባቸው ካይሮ ገብቶ ስለነበር ብዙም አልተከራከሩኝም። ብዙ ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀው ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ። ሲሰናበቱኝ ቀይ እርሳሳቸውን ሰጡኝ። እጄን ጨብጠው «ዝም ማለትን ተማር፣ ሌላው ሁሉ አለህ» አሉኝ። ዝም ማለት ምን ትምህርት አለው ብዬ ነበር።

በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው አልተቀጠረም። ሪማ የምትባል ሊባኖሳዊት መሐንዲስ ማሽን ሠራች። ማሽኑ በሰው ፈንታ ሳይቱን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ እየተጫነ ገጽ ለገጽ ይዞራል፣ በየደረሰበት ፎቶ ያነሳል፣ በፎቶው ላይ ክብ ያደርጋል፣ ከስሩ አንድ መስመር ይጽፋል። በሁሉም ቋንቋ። ሳይቱ አመሻሽ ላይ ቢቀየር ሲነጋ አዲሱ መመሪያ በያንዳንዷ ስልክ ላይ ተቀይሮ ይገኛል። ኡስታዝና እኔ ወር የምንለፋበትን ማለት ነው።

ሪማ ጥሩ ልጅ ናት። ወንበሬን አልወሰደችብኝም፤ እግሩን አስጠገነችልኝ። የመጀመሪያውን አማርኛ መመሪያ ሳነብ ማሽኑ ሴቶቹን «ተጫን፣ አስገባ» ይላቸዋል፣ ልክ ለወንድ እንደሚናገር። ያን ዕለት ቢሮውን ሁሉ እየዞርኩ አሳየሁት። ሻይ እያዳረስኩ፣ «ማሽናችሁ ሴትና ወንድ አይለይም» እያልኩ። በሳምንቱ አስተካክላው መጣች። ሌላ ስህተት ፈለግኩ። ከሕጉ አልወጣም፤ ባንድ መስመር አንድ ሥራ፣ ቁልፉን በተጻፈበት ቃል፣ ቀለም የለ፣ ቦታ የለ። ኡስታዝ የጻፉትን ሁሉ አብልታው ኖሯል። ንዴቴ በዛ። ከዚያ ወዲያ አልሞክርም ብዬ ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

ሪማ አንድ ቀን ኩሽናው ድረስ መጣች። ያ ዓሚ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ሴቶቹ እርስዎን ይሰማሉ አሉ፣ እስቲ ያሰሙኝ አለችኝ። አሰማኋት። አማርኛ አትሰማም፣ ድምፄን ግን ወደደችው። ከዚያ ያለችኝ ይህ ነው፦

«መመሪያውን እርስዎ ያንብቡልኝ። እያንዳንዷን መስመር ለብቻ እንቅዳት። ሳይቱ ሲቀየር የተቀየረችዋን መስመር ብቻ እንደገና ይናገራሉ፣ በሁሉም ስልክ ላይ ትቀየራለች።»

«ድምፄን ለማሽን አልሰጥም» አልኳት።

«ለማሽኑ ሳይሆን ለሴቶቹ ነው።»

«ለሴቶቹ ሰጥቻለሁ።»

ሁለተኛ ጠየቀችኝ፣ እምቢ አልኩ። ቢያንስ መመሪያው የሚከፈትበትን ሊንክ ለሴቶችዎ ይላኩላቸው ብላ ለመነችኝ፣ ያንንም እምቢ አልኩ። ያን ጊዜ ሳይቱ ላይ ሙሉ ለውጥ እየተዘጋጀ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም።

ወይንሸትና ብዙዬ እህትማማች ናቸው። አርብ አርብ የማውቃት ታናሽየዋን ብዙዬን ነበር። ሳልዋ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ ማዳሟ ሰው ታከብራለች። ወይንሸት ደግሞ ሰው የበዛበት ቤት ገብታ፣ ከንጋት እስከ ማታ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ጉልበቷ አልቆ ነበር። እረፍት ስላልነበራት እህትማማቾቹ ኩዌት ከገቡ ወዲህ በስልክ እንጂ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። የብዙዬ ማዳም ሁለተኛ ሠራተኛ ስትፈልግ ብዙዬ ለምና እህቷን አስፈቀደች። ሁለቱም ቤቶች ያስመጡት ባንድ መክተብ በኩል ነበር። የቀረው ወይንሸት በሳይቱ ቤት መቀየር እፈልጋለሁ ብላ መላክ ብቻ ነው። ሁለቱ እህትማማች ባንድ ጣሪያ ስር ሊያድሩ ነው። ብዙዬ ይህን ስትነግረኝ ጥርሷ አልከደን ብሎ ነበር።

ሳይቱ የተቀየረው በዚያው ሳምንት ነው። ቤት ለመቀየር የሚለው ሰማያዊ ሆኖ ላይ ወጣ። ታች፣ በአረንጓዴ፣ ወደ አገር ለመመለስ የሚለው ገባ። የማሽኑ መመሪያ ሲነጋ ተቀይሯል። ፎቶውም መስመሩም ልክ ነው፤ በኋላ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ወይንሸት መመሪያውን አላየችም። ድምፄን ሰማች። አረንጓዴዋን ተጫነች። ሳይቱ በአረብኛ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ አትፍሪ ብያታለሁ፤ አልፈራችም።

መክተቡ ማዳሟ ዘንድ ደወለ። ማዳሟ፣ መሄድ ከፈለገች ትሂድ፣ እኔ በግድ አላኖራትም አለች። ወረቀቷ ሲዘጋ እሷ አልነበረችም። በመጨረሻ ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ነገ መኪና ይመጣል ሲሏት ለእህቷ ደውላ መምጣቴ ነው አለቻት። ብዙዬ አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ለሁለተኛ ፍራሽ ቦታ አበጀች። መኪናው ሲመጣ ወይንሸት እየሳቀች ነው የገባችው። ሹፌሩ የመክተቡ ነው፣ ቋንቋ አይግባቡም። ለብዙዬ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሳልዋ ስንት ደቂቃ ነው ብላ ጽፋላታለች። መኪናው ግን በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ሄደ። ደርሳ ነው የገባት።

ብዙዬ ያን አርብ መጣች። አልቅሳ የጨረሰች ትመስላለች። ሁሉን እንዳለ ነገረችኝ፣ ስድብ አልጨመረችበትም። ቢሮ ሄጄ ሁሉን ገልብጬ ላስመልሳት ብዬ ተነሳሁ፤ ጋሼ ይቀመጡ፣ ወረቀቷ ተዘግቷል፣ ተጠይቆ ያለቀ ነገር ነው አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ለእሷ የላክሁላት እኔ ነኝ። እሷ መመሪያውን ላንብብ ብላ ነበር። የጋሼ እያለልሽ ምን ያለፋሻል አልኳት።»

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ድምፅ ሰርዢው።»

«የእርስዎን ብሰርዝ የኔ መላክ ይሰረዛል?»

ኡስታዝ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር። እኔ ግን አጉል እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለበጎ ነው፣ ትመለሳለች እያልኩ ዘላበድኩ። ጨርሼ ቀና ስል ሄዳለች።

በማግስቱ ሪማ ዘንድ ገብቼ ድምፄን ውሰጂ አልኳት። አልገባትም፤ ነገርኳት። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ መመሪያውን የሚያነብ የማሽን ድምፅ አስገብቶ ጨርሷል አለችኝ። ሰማሁት። የሴት ድምፅ ነው። ትንሽ ይደርቃል፣ አንዳንድ ቃል ላይ ይሰበራል። ነገር ግን ሳይቱ በተቀየረ ቁጥር አብሮ ይቀየራል። በሥራ ዘመኔ ማሽን ትክክል ነው ብዬ የፈረምኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሪማ የአማርኛውን ይፈትሹልኝ ብላ ሰጥታኝ፣ ጣቴን እያስከተልኩ እስከ መጨረሻው አዳምጬ አንድም ቦታ አልቆምኩም። የኡስታዝን ቀይ እርሳስ እንደያዝኩ ቀረሁ።

አዲስ ድምፅም ቀዳሁ። የበፊቱን አትስሙ፣ ተሽሯል፣ መመሪያውን ክፈቱ አልኩ። ላክሁት። ብዙም አልሄደም። ሰው እንዲህ አድርጊ የሚለውን ይልካል እንጂ እንዲህ አታድርጊ የሚለውን አይልክም። ከዚያም ለሻዩ የሚጫኑት ማሽን ኩሽናው ውስጥ ተገጠመ፤ ኢቃማዬ ማለቂያው ሲደርስ ሙዲሩ ጠርቶ አመሰገነኝ። ሪማ እስከ አሳንሰሩ ሸኘችኝ።

ኡስታዝ ዘንድ ካይሮ ደውዬ ነበር። ልነግራቸው ነበር የደወልኩት። ድምፃቸው ደክሟል፤ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፣ ስለ ሪማ ማሽን ጠየቁኝ። ጥሩ ነው፣ የእርስዎን ሕግ ይዟል አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ሌላውን ሳልነግራቸው ስልኩ ተቋረጠ፣ ደግሜ አልደወልኩም።

ያለፈው አርብ ከፋሐሂል ወደ ከተማ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ያኖረች ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን ከፈተች። ከስልኩ ውስጥ «ሰላም ልጄ፣ በላቸው ነኝ» የሚል ወጣ። ከድምፄ ጀርባ ያን ቀን የሰው መኪና ጥሩንባ ነፍቶ ነበር፤ እሱም አለ።

«ልጄ፣ እሱን አትመኚው። ሳይቱ ተቀይሯል» አልኳት።

ገላመጠችኝ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ጋሼ በላቸው ነው። ሳይቱን የሠራው ራሱ ነው ይባላል።»

«ሻይ አፍይ ነበር።»

«ኧረ ሰው አይስደቡ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ። ስንቷን ልጅ ከመከራ ያወጣ ሰው ነው።» አለችና ቆም ብላ አየችኝ። «እስቲ ይጠብቁ። አትፍሪ ይበሉ።»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ልጅቷ ከዝምታዬ ይሁን ከፊቴ እንጃ፣ አወቀችኝ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለሂሩት ልኬላታለሁ» አለች። «አሁን፣ ፌርማታው ላይ ሆኜ። አሕመዲ ናት፣ ዛሬ ማዳሟ ስለሌለች ቤት ልቀይር ብላ።»

ደውዪላት አልኳት። ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ሂሩት የምትባለው ልጅ አነሳች። «ሂሩት፣ ምንም እንዳትጫኚ» አልኩ።

«ጋሼ? በእግዚአብሔር፣ ጋሼ ራስዎ ነዎት? ሳይቱን ከፍቼ ቁጥሬን እያስገባሁ ነው። አረንጓዴዋ ናት አይደል?»

«አይደለችም። እዚያው ላይ መመሪያ አለ፣ በአማርኛ። እሱን ክፈቺ።»

ተንኮሻኮሸ። ከፈትኩት አለች። «ግን ንባብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

«እኔም ደካማ ነኝ። ቀስ በይ። ምን እየፈለግሽ ነው?»

«ቤት መቀየር።»

«እሱን ፈልጊ። ስታገኚው ከስሩ ያለውን አንብቢልኝ። ከዚያ ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዪው።»

ስልኩን ለልጅቷ መልሼ ድምፁን ከፍ አድርጊው አልኳትና ሁለት እጄን ጭኔ ስር አስገባሁ። ሂሩት ፊደል በፊደል ትቆጥራለች። ትሳሳታለች፣ ትመለሳለች። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰማያዊዋ፣ ላይ ያለችው። ልጅቷ እኔን እኔን ታየኛለች።

«ጋሼ፣ አሉ?» አለች ሂሩት።

«አለሁ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

አልመለስኩላትም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጀመረች፣ ቤት... ለ... መ... እያለች። የምወርድበት ፌርማታ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ነጠላ የለበሱት ሁሉ ወረዱ። እኔና ልጅቷ አልተነሳንም። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ፤ ሂሩት ገና እያነበበች ነው።